የሽብሩ ፈረስ

«ፈረሱንስ ምን ልናደርገው ነው?» አለች እትዬ አልጣሽ።

ጓዳ የተቀመጡት ሴቶች ወደ እሷ ዞሩ። ወንድይራድ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ለለቅሶተኛ በተነጠፈው ፍራሽ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር እያሰረ ነበርና እጁ እዚያው ቀረ። በዚህ ቤት ፈረስ ኖሮ አያውቅም። ፈረስ የነበራቸው አያቱ ናቸው፤ እሳቸው ቡልጋ ከተቀበሩ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አልፏል። አክስቱ አልጣሽ ግን የአባቷን ለቅሶ ትናንት እንደዋለ ነገር ታስታውሰዋለች፤ ፈረሱ በኮርቻው ላይ ጥቁር ጨርቅ ተጥሎበት፣ ጠመንጃቸው በሰው ትከሻ፣ ጋሻቸው በሰው እጅ እየዞረ አገሩ ሁሉ እንዴት እንደተላቀሰ። ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተንገላታ ትናንት ማታ ዲላ የደረሰችው የወንድሟን ልጅ በወጉ ልታስለቅስ ነው። ሬሳ የለም። መቃብር የለም። ያለው አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ የአየር ኃይል ቆብ፣ ቀበሌው ሐሙስ ዕለት እናትየውን በጣት አሻራ አስፈርሞ ያስረከበው አንድ ወረቀት ነው። በዚህ ላይ ፈረስም ከጎደለ ለቅሶው ምኑን ለቅሶ ሆነ?

«የአብራሪ ፈረሱ አውሮፕላኑ አይደል?» አለች ቀጥላ። «ያ ወንዴ ከፈረንጅ አገር ያመጣው ሣጥን የታለ? አውሮፕላን የተሳለበት።»

ሣጥኑ ቡፌው ላይ፣ ከሬዲዮኑ ጎን ስምንት ወር ተቀምጧል። ወንድይራድ ብርኖ በምትባል የቼኮዝሎቫኪያ ከተማ ስድስት ዓመት ምሕንድስና ተምሮ ሲመለስ ለአባቱ ካፖርት፣ ለእናቱ ቴርሞስ፣ ለታላቅ ወንድሙ ለሽብሩ ይህንን ሣጥን ይዞ መጣ። በውስጡ ተገጣጥሞ የሚሠራ የፕላስቲክ ሚግ አለ፤ ከእውነተኛው ሰባ ሁለት ጊዜ ያነሰ፣ ተሠርቶ ሲያልቅ ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙም የማይበልጥ። ሽብሩ ራሱ ነው በደብዳቤ አምጣልኝ ያለው። ለእረፍት ሲመጣ አብረው ሊገጣጥሙት ነበር። እረፍቱ ሁለት ጊዜ ተሰረዘ። ከዚያ ባለፈው ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌዎች በር አንኳኩ፤ ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ደግሞ በሩን የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል።

አባቱ አቶ ወልደዮሐንስ በደጃፉ ብቅ አሉ። ካፖርቱን በጠዋቱ ለብሰውታል።

«ይደርሳል?» አሉት።

«ምኑ፣ አባባ?»

«አውሮፕላኑ ነዋ። ሰው የሚመጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ይኼ እኮ አሻንጉሊት ነው፣ እዚያ አገር የአሥር ዓመት ልጅ የዝናብ ቀን የሚገፋበት ነገር ነው ሊላቸው ፈለገ። አላላቸውም። «ሙጫው ደርቋል» አለ።

«ሙጫ ትፈልጋለሃ! ታዲያ ስድስት ዓመት የተማርከው ምኑን ነው?»

ሽብሩ አብራሪ አልነበረም። ይህንን ወንድይራድ የሚያውቀው የዛሬ ሁለት ዓመት ብርኖ ከደረሰው ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው አሁንም በደረት ኪሱ አለ። «አባባ አብራሪ ነው እያሉ እንደሚያወሩልኝ ሰማሁ» ይላል ሽብሩ በዚያ ወደ ግራ በተንጋደደ ጽሕፈቱ። «ባለፈው ስመጣ ገበያ መሀል አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው እጅ ነሱኝ። እኔ ነዳጅ ቀጂ ነኝ። ቱቦዬን ይዤ ክንፉ ላይ እወጣለሁ፣ ሞልቼ እወርዳለሁ፣ እነሱ ይበራሉ። በሥራዬ አላፍርም፤ የማፍረው በሌላ ሰው ስም መጠራቴ ነው። ለአባባ ፊት ለፊት መናገር አቃተኝ። አንተ የተማርክ ነህ፤ ስትመለስ ንገርልኝ። ደግሞ የምቀዳላቸው ዓይነት ትንንሽ አውሮፕላን እዚያ ይሸጣል አሉ፤ ካገኘህ አምጣልኝ። አጠገቡ ስውል አራት ዓመቴ ነው፣ ውስጡን ግን አይቼው አላውቅም።» ወንድይራድ ከተመለሰ ስምንት ወሩ ነው። በስምንት ወር ውስጥ ለአባቱ ይህንን የሚናገርበት አንድ ቀን አላገኘም። ቀን ጠፍቶ ሳይሆን፣ በየቀኑ ነገን ስለሚያገኝ ነው።

አባቱን ደግሞ ማን ጨክኖ ይነካቸዋል? ዱመርሶ ላይ የቡና መሬት የነበራቸው፣ ሲያልፉ ጭሰኛው ሁሉ ቆሞ የሚያሳልፋቸው ሰው ነበሩ። በስልሳ ሰባቱ አዋጅ መሬቱ ሄደ፤ የቀረቻቸው ይህች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነች፣ እሷም የቀበሌ ሆና ኪራይ ይከፍሉባታል። አሥር ዓመት ያህል ቀና ብለው ሳይሄዱ ኖሩ። ሽብሩ አየር ኃይል የገባ ዕለት ግን አንገታቸው ተቃና። አየር ኃይል የገባ ሁሉ የሚበር መስሏቸው ይሁን ወይም እንዲመስላቸው ፈልገው፣ በዓመቱ «አብራሪው ልጄ» ማለት ጀመሩ። የድሮ ጭሰኞቻቸው ገበያ ላይ ሲያገኟቸው እንደገና ባርኔጣ ማንሣት ጀመሩ።

ሙጫ ፍለጋ ወደ ኸድሩ ጋራዥ ወረደ። ትናንት የዘነበው ዝናብ መንገዱን ቀይ ሊጥ አድርጎታል። ኸድሩ የቡና ጭነት የሚያመላልሱ ሁለት አሮጌ ፊያቶች ያሉት፣ አባቱ ከስልጤ መጥተው እዚህ የከበሩ ነጋዴ ነው፤ እሁድ አይዘጋም። ከመኪናው ሥር እግሩ ብቻ ይታያል።

«ቲነር ፈልጌ ነበር» አለ ወንድይራድ ለእግሮቹ።

«ለምን?»

«አውሮፕላን ልሠራ።»

ሰውየው ተንሸራትቶ ወጣ። «ወላሂ፣ እኔ ፊያት በሽቦ አስሬ ይርጋጨፌ ደርሼ እመለሳለሁ ብዬ እኮራ ነበር። ሚግ በቲነር! አንተስ ትበልጣለህ።» ከዚያ የመጣበት ነገር ትዝ ብሎት ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «አላህ ያጽናችሁ። ከሰዓት እመጣለሁ።» በጠርሙስ ቲነር፣ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ደግሞ ለፊያቱ ጎማ መሀል የሚቀባውን የብር ቀለም ቀዳለት። ዋጋውን ሲጠይቀው እንደ ስድብ ቆጠረበት። «ሽብሩ የመጨረሻ ጊዜ የመጣ ዕለት እዚህ ነበር የዋለው» አለ ጠርሙሱን በጨርቅ እየወተፈ። «የፊያቱን የነዳጅ ታንከር በጣቱ ቆርቆር፣ ቆርቆር ያደርግና፣ ‹ኸድሩ፣ አርባ ሊትር ቀርቶሃል› ይለኛል። ስለካው አርባ ነው። አብራሪ ይህን ከየት ተማረው ብዬ አልጠየቅሁም። የሰው ቤት ነገር ነው፤ ይከበራል።»

«ታውቅ ነበር እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ ኸድሩ ዓይኑን ሳያነሣ። «የማውቀው ለቅሶ መድረስ ነው። እዚያ የሚባለውን እላለሁ።»

ወንድይራድ ሥራውን የጀመረው ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጓዳ ካለው የመሶብ ማስቀመጫ ጠረጴዛ ላይ ነው። ትንንሾቹ ክፍሎች እንደ ዓሣ አጥንት ከተሰካኩበት ግራጫ ፕላስቲክ ላይ በምላጭ እየቆረጠ አወጣቸው፤ ክንፍ፣ ጭራ፣ ለሁለት የተከፈለ ሆድ፣ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ ጎማዎች። የቀረውን የፕላስቲክ ዘንግ ሰባብሮ የቡና ስኒ ውስጥ ከቲነር ጋር ዘፈዘፈው። በግማሽ ሰዓት ሟሙቶ እንደ ማር ወፈረ። ይህን ዘዴ ያስተማረው ብርኖ አብሮት የኖረ አንድ የቬትናም ልጅ ነው፤ የዚያም ልጅ አገር ጦርነት ላይ ነበር፤ ሰው ጦርነቱን በዚህ መጠን ሲያደርገው ትንፋሽ ያገኛል ይል ነበር። ወንድይራድ ያኔ ይህ ነገር ብልህ ንግግር መስሎት ነበር። አሁን የክብሪት እንጨት እየነከረ የሆዱን ሁለት ገጾች ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሲቀባ፣ ሲያጋጥም፣ በስፌት ክር ጠምጥሞ ሲያስር፣ ይህን ልጅ ቢያገኘው ምን እንደሚለው አሰበ። ትንፋሽ የለም፤ ያለው ቲነር ነው። ዓይኑን ያቃጥለዋል፣ ጓዳውን ሞልቶታል፣ ሴቶቹን አስነጥሷቸዋል።

እትዬ አልጣሽ ጎኑ ተቀምጣ አንድ በአንድ ታስረዳኛለህ አለችው። ጥፍር የሚያህለውን የአብራሪ ምስል መዳፏ ላይ አንከባለለችውና ድንገት ተቆጣች።

«ጉድ በል! ሽብሩዬ ነጭ ነው እንዴ?»

«ግራጫ ነው እትዬ። ፕላስቲኩ ነው ግራጫ የሆነው።»

«ግራጫም አልነበረ። ጠይም ነበር።» ከጉያዋ የኩል ብልቃጧን አወጣች፤ በኩል መኳያዋ ጫፍ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ የምስሉን ፊት ቀባችው። ከዚያ ከዓይኗ ራቅ አድርጋ አየችውና እንባዋ ዱብ አለ። «አሁን እሱን መሰለ» አለች። ወንድይራድም ወሰደና፣ ወንድሙ ውስጡን አይቶት ከማያውቀው መቀመጫ ላይ አጣበቀው።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ አባቱ ሊያዩት ገቡና ቆመው ቀሩ።

«ይህቺ ናት?»

«ይህቺ ናት።»

«ከድንኳኑ ዳር ላለ ሰው ትታየዋለች?»

አትታይም። ስለዚህ በረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ እንድትታሰር ተወሰነ፤ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብላ፣ የምትበር እንድትመስል። ቀርከሃውን ያመጡት ከቡሌ መንገድ ማዶ የሚኖሩት ጂግሶ ናቸው። ዱመርሶ ሳሉ የአባቱ ጭሰኛ ነበሩ፤ ዛሬ የዕድሩ ድንኳን ተካይ ናቸው። በዚህ ቤት ጂግሶን አንቱ የሚላቸው ወንድይራድ ብቻ ነው፤ አባቱ ይህን በሰሙ ቁጥር ከፈረንጅ አገር ከመጡት መጥፎ ነገሮች አንዱ ነው እንደሚሉ ፊታቸው ይናገራል።

«ይቺ ቀርከሃ ቀላል ናት፣ እጅ አይከብድም» አሉ ጂግሶ፤ በጫፉ ላይ መቀመጫ በቢላዋ እየፈለፈሉ። አውሮፕላኑን ደጋግመው አዩት። «ጥሩ ሠራህ። ጭራዋ እንኳ አለው።» ሰው ሳይጠይቃቸው ቀጠሉ። «የኔ ልጅ ዳካ እግረኛ ወታደር ነበር። ወረቀቷ አምና መጣ። ቸርቻችን ተዘግቷል፣ መጋዘን ሆኗል፤ እቤት አራት ሆነን ዘመርን። አለቀ።»

«አልሰማሁም ነበር፣ ጋሽ ጂግሶ።»

«አንተ እዚያ ነበርክ።» ቢላዋውን አጠፉት። «ለእግረኛ ምን ይሠራል? ጫማ?» ሳቁ። ቀርከሃውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ድንኳናቸውን ሊወጥሩ ሄዱ።

በሰባት ሰዓት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጓንጉል፣ ብጫ ፖስታ በብብቱ ይዞ መጣ። ፖስታው ውስጥ በታይፕ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ አለ። የሚያነበው የሟች ወንድም፣ የተማረው ሰው እንዲሆን ተወስኗል። ወንድይራድ ቆሞ አነበበው። «ጀግናው ተዋጊ አብራሪ ጓድ ሽብሩ ወልደዮሐንስ የወንበዴውን ምሽግ ከሰማይ እየደመሰሰ ሳለ» ይላል፤ አብራሪ የሚለው ቃል በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አለ።

«ይህን ማን ነገራችሁ?»

«አባትህ ናቸዋ።»

«ከአሥመራ የመጣው ወረቀት ግን እንዲህ አይልም።»

«‹በግዳጅ ላይ› ነው የሚለው» አለ ጓንጉል በትዕግሥት። «ግዳጅ ሰፊ ነው፣ ጓድ መሐንዲስ።» ጠረጴዛውን አየ፣ ጎንበስ ብሎ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። «ይህን ደግሞ ከለቅሶው በኋላ ለአዳራሻችን እንወስደዋለን። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ማክሰኞ ይጀመራል። ወጣቱ በዓይኑ ያየዋል። ‹ከዚህ ሰፈር አብራሪ ወጥቷል› ስትለው ሌላ ነው።»

ሊቀመንበሩ እንደወጣ ወንድይራድ ደብዳቤውን ከደረት ኪሱ አወጣና ወደ አባቱ ሄደ። ከቤቱ ጀርባ ብቻቸውን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ቀለም ይቀባሉ። ስምንት ወር የፈለገው ቀን ይኸው፣ ከዚህ በኋላ ሌላ የለም፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወይ ሽብሩ ሽብሩን ሆኖ ይለቀስለታል፣ ወይ ሌላ ሰው በሱ ስም ይለቀስለታል፣ ማክሰኞ ደግሞ የጎረቤት ልጆች ያንን ሌላ ሰው ተከትለው ይሄዳሉ።

«ሽብሩ የጻፈው ነው፣ አባባ። ያንብቡት።»

አቶ ወልደዮሐንስ ደብዳቤውን ተቀበሉ። የልጃቸውን እጅ ጽሑፍ ከፖስታው ላይ አወቁት፤ አውራ ጣታቸው ስሙ ላይ ሄድ መለስ አለ። አልከፈቱትም። ለሁለት አጥፈው፣ ለአራት አጥፈው ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት።

«መነጽሬ የለም» አሉ።

መነጽራቸው በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ደረታቸው ላይ ነበር። ወንድይራድ አየው። ሲያየው አዩት። አባትየው ብሩሻቸውን አንሥተው ሁለተኛውን ጫማ ጀመሩ።

ሲመለስ ጓዳው ባዶ ነው፤ ሴቶቹ ወደ ድንኳኑ ወጥተዋል። እናቱ ብቻ፣ ጥሩብርሃን፣ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። ከሰኞ ወዲህ አፏን ከፍታ አታውቅም፤ ሰው ውኃ ሲሰጣት ትጠጣለች፣ ሰው ሲያስተኛት ትተኛለች። ሐሙስ ዕለት የቀበሌው ቀለም የነካው የግራ አውራ ጣቷ አሁንም ወይን ጠጅ ነው። ወንድይራድ ክሩን ፈትቶ አውሮፕላኑን ብር ቀብቶታል፤ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ ከቅርብ ግን የሆዱ መገጣጠሚያ ጀርባው ላይ ገና ለስላሳ እንደሆነ ያስታውቃል። ሙጫው በወጉ ሊደርቅ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል።

«ነዳጁ የሚገባው በየት ነው?» አለችው።

ድምጿን ሲሰማ መጀመሪያ ጥያቄውን አልሰማውም። «ምን አልሽ፣ እማዬ?»

«ነዳጁ። በየት በኩል ይሞሉታል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ሲመጣ ልብሱን የማጥብለት እኔ አይደለሁ?» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «አብራሪ ምን ምን እንደሚል አላውቅም። የኔ ልጅ ግን ቦቴ ቦቴ ነበር የሚለው። ሽታው በሦስት ውኃ አይለቅለትም። ሸሚዙን ሰጥቼው ሲለብስ ያየኛል፣ አየዋለሁ። አባትህ ደስ ብሏቸዋል ብዬ ዝም አልኩ። እሱ ደግሞ እኔም ደስ ያለኝ መስሎት ዝም አለ። እንዲህ ሆነን ስድስት ዓመት አለቀ።»

ወንድይራድ የአሠራሩን ወረቀት ገለጠ። በቼክ ቋንቋ የተጻፈውን በጣቱ ተከትሎ አገኘው፤ ከአብራሪው ወንበር ኋላ፣ ጀርባው ላይ፣ ልክ መገጣጠሚያው ላይ፣ ከመርፌ ጭንቅላት የማትበልጥ ክብ ተቀርጻለች። «እዚህ ነው» አላት። «ክንፉ ላይ ወጥቶ፣ እዚህ።»

እጇን ዘረጋችና የግራ አውራ ጣቷን ክቡ ላይ ጫነችው።

«አይነካም! አልደረቀም እኮ!»

አላነሣችውም። ፕላስቲኩ እንደ ሊጥ ገባ አለ። ስታነሣው የብሩ ቀለም ተገፎ፣ በወይን ጠጁ የቀበሌ ቀለም የደበዘዘ፣ መስመር በመስመር የሆነ የጣቷ አሻራ አውሮፕላኑ ጀርባ ላይ ቀርቷል። ወንድይራድ ምላጩን አነሣ፣ ሊያስተካክለው።

«ተወው» አለች። «እጁ የነበረው እዚህ ነው።» አውራ ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ቆይታ፣ «አንተ ነህ አሉ የምታነበው» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«ምን ብለህ?»

«እውነቱን እላለሁ፣ እማዬ።»

ግራ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች።

በዘጠኝ ሰዓት ድንኳኑ ሞልቶ ሰው እስከ መንገዱ ተርፏል። እትዬ አልጣሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ቀርከሃውን በሁለት እጇ ይዛ መሀል ገባች። አውሮፕላኑ ከሰው ራስ በላይ በነፋሱ ይወዛወዛል፣ በፀሐይ ያበራል።

«ያያቱ ፈረስማ ሣር ይግጥ ነበር፣
የሽብሩ ፈረሱ ከደመና ሲያድር፤
ዛሬ ምነው መጣ ኮርቻው ባዶውን፣
ማን ይዞ አስቀረው ጋላቢ ጌታውን?»

ሰው ሁሉ «ወይኔ!» ብሎ ተነሣ። ኸድሩ ኮፍያውን አውልቆ ከወንዶቹ ጋር ቆሟል፤ የሚባለውን ይላል። የዱመርሶ ሰዎች እስከነ ጭቃቸው በእግር መጥተው ከአቶ ወልደዮሐንስ ፊት አንድ በአንድ ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። አባቱ ከፊት፣ ወንበር ላይ፣ በዚያ ሙቀት በብርኖ ካፖርት ተቀምጠዋል፤ መነጽራቸውን አድርገዋል። ጂግሶ የድንኳኑን ገመድ ይዘው ዳር ቆመዋል። ከሳቸው ኋላ፣ ትምህርት ቤት እንደጨረሱ ሥራ ያጡ ጎረምሶች አንገታቸውን አስግገው ያቺን ብር የምትመስል ነገር ይከተላሉ።

ጓድ ጓንጉል እጁን አነሣና ጸጥታ ሆነ። ወንድይራድ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። የሚለውን አስቦታል፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይቀር ቀምሯል። «ወንድሜ ነዳጅ ቀጂ ነበር። እሱ ካልሞላ ማንም አይበርም ነበር።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ። አፉን ከፈተ። አባቱ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ፊታቸውን አየው። የለመነ አልነበረም፣ የተቆጣም አልነበረም፤ ስሙ ሊጠራ እንደሆነ የሚያውቅ ተማሪ ፊት ነበር።

«ጀግናው ተዋጊ አብራሪ» አለ ወንድይራድ።

የመጀመሪያው «አብራሪ» ከበደው። ሁለተኛው ቀለለ። ሦስተኛውን ሲያነብ ድምፁ ራሱ ሞቆ፣ ሞልቶ ወጣ፤ ከኋላ አንድ ጎረምሳ ለጓደኛው አንድ ነገር አንሾካሸከ፣ ጓደኛው ራሱን ነቀነቀ። ወንድይራድ ወረቀቱን ሲያጥፍ ዓይኑ እናቱ ላይ ወደቀ። እሷ እያየችው ነበር። ከዚያ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበች።

ሰው ሲበተን ጓንጉል አውሮፕላኑን ከቀርከሃው አስፈትቶ ራሱ ወንድይራድ እንዲሸከመው አደረገ። አዳራሹ አቧራና የእርጥብ ጆንያ ሽታ አለው፤ ግድግዳው ላይ ካሉት ሥዕሎች በታች ባለ መስታወት ቁምሳጥን ቆሟል። ሊቀመንበሩ አውሮፕላኑን ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ ሊያኖር ሲል ወደ ብርሃኑ አዞረው።

«ይኼ ምንድነው? ጀርባው ተበላሽቷል እኮ።»

ወንድይራድ አሻራውን አየው።

«በብርጭቆ ወረቀት ፈትገህ ቀለም ድገመው። ማክሰኞ ሰው ያየዋል።»

«አልተበላሸም» አለ ወንድይራድ። «የነዳጅ መግቢያው ነው።»

«እንዲህ ነው የሚሠራው?»

«እንዲህ ነው። ነዳጅ ቀጂው በእጁ የሚነካው እዚህ ጋ ነው። እሱ ካልሞላው አይበርም።»

«አሃ! ቴክኒክ ነው» አለ ጓንጉል። ካኖረው በኋላ መስታወቱን ቆለፈ፤ ቁልፉን ወደ ኪሱ ሲከት ስለ ማክሰኞ ስብሰባ ማውራት ጀምሯል። ወንድይራድ ለእናቱ የገባውን ቃል ፈጽሞ ነበር፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ ለአንድ ሰው፣ ሰውየው ሳይሰማው።

ቤት ሲደርስ የዕድሩ ሴቶች ራት አቅርበዋል። አባቱ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ግድግዳው ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል፣ የዱመርሶ ሰው ስንት እንደመጣ ለእትዬ አልጣሽ ይነግሯታል። ወንድይራድ ማስታጠቢያውን አንሥቶ ዞረ። እናቱ ፊት ሲደርስ ጎንበስ አለ። ቀኝ እጇን ብቻ ዘረጋችለት። አፈሰሰላት።

«ግራሽንም፣ እማዬ።»

«ይቆይ» አለች። እጇን ከነጠላው አላወጣችም። ውኃው ወደ ሳህኑ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ጠበቀና፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ፣ «የሱ ሽታ በሦስት ውኃ አይለቅም ነበር» አለችው፤ «የዚህኛው በአንድ ይሄዳል።»